የሻረግና የክሩስኮቱ ቀይ መብራት

የሻረግ ተሻገር ከመካነ ኢየሱስ ተነሥታ ጋይንት የመጣችው የቻይና መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ለመፍለጥ ነበር። በካምፑ ጋራዥ በር ባለፈች ቁጥር ግን ዓይኗ ከሞተር አልነቀል አለ። መጀመሪያ መፍቻ አቀባይ፣ ቀጥሎ ረዳት መካኒክ፣ በመጨረሻም ሾፌር ሆነች። መንገዱ አልቆ ካምፑ ሲፈርስ ንፋስ መውጫ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ቀጠራት።

የተሰጣት መኪና ለጋይንት አገር የሚሆን አልነበረም። ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ለፍጥነት የተሠራች የጃፓን መኪና ናት። ባለቤቷ የጎንደር ነጋዴ ወደ ሱዳን ሲኮበልል መንግሥት ወረሳት። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስትንከባለል ቆይታ፣ የሚንቀሳቀስ መኪና ላልነበረው ክሊኒክ ደረሰች። ገበሬው «እንሽላሊቷ» ይላታል።

በ1975 ዓ.ም. ጥር ላይ የሻረግ የክሊኒኩን ድሬሰር ሙላውን ይዛ ለክትባት ወጣች። የኩፍኝ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተጭኗል። ዳገቱን ሲያጋምሱ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ ቀይ መብራት ቦግ አለ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሙላው።

«የጭስ ማውጫው ከልክ በላይ ጋለ ማለት ነው። ከሥር ሙቀቱን የሚለካ ነገር አለው። ሰሞኑንም በርቶ ጠፍቶ ነበር፤ ሽቦው ሳይበላሽ አይቀርም» አለች። በረዶው እየቀለጠባቸው ስለሆነ አልቆመችም።

መንደሩ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ ገብስ እየወቃ ነው። ሌላ ቦታ ስላልነበረ መኪናዋን አውድማው ዳር፣ ገለባ ላይ አቆመቻት። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰበሰቡ፤ ሙላውም መርፌውን ጀመረ። ገና ጥቂት ልጆች እንደተከተቡ አንዲት ሴት «እሳት! ኧረ እሳት!» ብላ ጮኸች።

ከመኪናዋ ሥር ያለው ገለባ ይጨሳል። ወንዶቹ በመንሽና በላይዳ ገለባውን እየዛቁ ወዲያ ወረወሩ፤ ሴቶቹ የእንስራ ውኃ ደፉበት፤ የሻረግም ከሌሎች ጋር ሆና መኪናዋን ገፍታ አወጣች። የገብሱ ክምር ለጥቂት ተረፈ። ለከብቶቹ የተቀመጠው ጭድ ግን ግማሹ ነደደ።

ጭዱ የአያ ወልደ ሰንበት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ክትባቱን እንወደዋለን» አሏት። «ይችን መኪና ግን ሁለተኛ ባላያት እወዳለሁ።»

የሻረግ አንገቷን ደፋች። «እውነትዎን ነው፣ አያ።»

ንፋስ መውጫ ሲመለሱ የክሊኒኩ ኃላፊ ጓድ ጌታቸው ነገሩን ሰምተው ጠበቋት። «በቃ፣ ትቁም። ጎንደር ልከን እዚያ ይዩዋት።»

«ጎንደር ከሄደች የምትመለስ አይመስለኝም፣ ጓድ ጌታቸው። ሁለተኛው ዙር ደግሞ እየደረሰ ነው። እስከዚያ ለእኔ ይተዉልኝ።»

ጓድ ጌታቸው አሰብ አደረጉና ፈቀዱላት።

ሙላው ሊያጽናናት ብሎ «አምፖሉን ብትነቅይውስ?» አላት።

«አምፖሉ ምን አጠፋ? እየነገረኝ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ከመኪናዋ ሥር ገባች። መጀመሪያ የጠረጠረችውን ሽቦ መረመረች። ከሙቀት መለኪያው ስትነቅለው መብራቱ ይጠፋል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆንም አይበራም። የሚበራው ዳገት ስትወጣ ብቻ ነው። ሽቦው ደህና ነው፤ ጭስ ማውጫው በእርግጥ ይግላል ማለት ነው። ደግሞም ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይወርድ የሚከልለው ቆርቆሮ የለም፤ ድንጋይ ገንጥሎት ኖሯል።

ግን ለምን ጋለ? ከኋላ ቆማ ስታሸት ያልነደደ ቤንዚን ሸተታት። ከሞተሩ ውስጥ አንዱ ክፍል እሳት እያጣ፣ ቤንዚኑ ጭስ ማውጫ ውስጥ ወርዶ እዚያ እየነደደ ነው አለች። እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎች ለወጠች። ለውጥ የለም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ፈታ አጥባ ገጠመች። አሁንም ያው። እጇ ተላላጠ፣ ወገቧ ተቆረጠ፤ መፍቻውን ግን አላስቀመጠችም።

ካምፕ ሳለች የሰማችው አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ከገመድ የሚያፈተልክ እሳት በጨለማ ይታያል። ሞተሩን አስነሥታ ኮፈኑን ከፈተችና ከላዩ ጋቢ ጣል አድርጋ እንደ ድንኳን ውስጡ ገባች። ጨለማው ውስጥ አንዱ የካንዴላ ገመድ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ሰማያዊ እሳት ወደ ብረቱ ብልጭ ብልጭ ሲል አየች።

«ሙላው! ና እይ! እሳቱ ካንዴላው ሳይደርስ በመንገድ እየፈሰሰ ነው!»

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ተበላሽቶ ከቆመ አሮጌ የቤንዚን ላንድሮቨር አንድ ገመድ ፈታ ገጠመች። ከቆርቆሮ ጠፍጥፋም መከለያውን ሠራች። ከዚያ ለሙከራ ሙላውን አሳፍራ ወደ ጉና ተራራ በኩል ዳገቱን ያዘች። ግማሽ እስክትደርስ መብራቱ ጠፍቶ ቆየ፤ ሙላው እልል ሊል ሲል ቦግ አለ።

የሻረግ መኪናዋን ዳር አስያዘች። ከዚያ ወርዳ ሞተሩን ያንኑ ጋቢ ደግማ አለበሰችው። ሌላ ገመድ እንደዚያው ተሰንጥቋል። «አንዱ ካረጀ ሁሉም አርጅቷል፤ ይኼን አለማሰቤ!» አለች። ተመልሳ የቀሩትን ሁሉ በላንድሮቨሩ ገመዶች ተካቻቸው። በሌላው ቀን ያንን ዳገት እስከ ጫፉ ወጣችው፤ መብራቱ አልበራም።

ለሁለተኛው ዙር ሲሄዱ መኪናዋን ከመንደሩ ወዲህ ጠጠሩ ላይ አቆመችና አያ ወልደ ሰንበትን በእግሯ ሄዳ አገኘቻቸው። ያገኘችውን ችግር አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

«ተሠርታለች ነው የምትይኝ?»

«ተሠርታለች፣ አያ። ቢሆንም ያለ ፈቃድዎ አላስገባትም።»

«እንግዲያ ዛሬ እዚያው ትቁም» አሉ።

አልተከራከረቻቸውም፤ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። የበረዶ ሣጥኑን ከሙላው ጋር ተሸክመው ዳገቱን ወጡ፤ ባለፈው የቀሩት ልጆች ሁሉ ተከተቡ።

ለሦስተኛው ዙር ስትመጣ ሽማግሌው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቋት። ከቤታቸው አጠገብ ሣሩን በዶማ አስነሥተው፣ አንድ ጭራሮ ሳይተዉ ጠርገው፣ መሬቱን አፈር ብቻ አድርገውታል።

«ነይ፣ ልጄ» አሉ በከዘራቸው እያመለከቱ፤ «የአንቺ መኪና ማቆሚያ ይኼ ነው።»