የለሳኟ ፊት

ያቺን ኮረብታ ስንወጣ የተቀበለን ድንጋይ ነው። አምስት ነበርን፤ ቀራጺው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ባልና ሚስት ሙዚቀኞችና እኔ ሠዓሊዋ። መንደሯ ሰው ከራቃት ሃያ ዓመት አልፏታል ብለውናል። ምንጯ ሲደርቅ ነዋሪዋ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሜዳው ወረደ፤ ጣሪያው ረገፈ፣ ግንቡ ላይ ቁጥቋጦ በቀለ። ማዘጋጃ ቤቱም «አድሳችሁ ከኖራችሁባት ውሰዷት» ብሎ ማህተም ያለበት ወረቀት ሰጠን። ወረቀታችንን ይዘን፣ እያዜምን ዳገቱን እንደ ጨረስን ከአንድ ፍርስራሽ ጀርባ ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ መጥቶ የቀራጺውን ግንባር ተረተረው።

«የሚቀጥለው ዓይን ላይ ነው!» አለ የሴት ድምፅ። «ውረዱ!»

ቀራጺው ደሙ በአፍንጫው እየወረደ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እኅቴ፣» አለ፣ «እርግጥ ድንጋይ ፍለጋ ነው የመጣሁት፤ ግን እስከ ደጅ ድረስ ይታደላል አላሉኝም።»

ከፍርስራሹ ኋላ አንዲት ቀጭን ሴት መጥረቢያ ይዛ ወጣች። ፀጉሯ እንደ ወታደር ተቆርጧል፤ እጇና ልብሷ በኖራ ነጭተዋል። የእያንዳንዳችንን ፊት በየተራ አየችና፣ «ከመሀላችሁ ባለ ሉካንዳውን የሚያውቅ አለ?» አለች።

«የምን ባለ ሉካንዳ?» አልን እርስ በርስ እየተያየን።

ያልዋሸን መሆናችንን እስክታምን ብዙ ቆየች። ከዚያ መጥረቢያውን አስቀመጠች፣ ከአንገቷ ላይ የሻሿን ጫፍ ቀደደች፣ የቀራጺውን ግንባር ጠምጥማ አሰረችለት። ለሳኟን ያወቅናት እንዲህ ነው።

ታሪኳን በአንድ ቀን አልነገረችኝም። የክፍሌን ግድግዳ በምትለስንበት ጊዜ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ ቁራሽ በቁራሽ ነው የሰጠችኝ።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለሥጋ ቆራጭ ዳሯት። ሥራ ያለው፣ ጨዋ፣ ለሽማግሌ የሚነሳ ሰው ነበር። ደንበኛ ሲመጣበት «እናቴ»፣ «ወንድሜ» ሳይል አይቆርጥም፤ ሲመዝንም ምራቂ ይጨምራል። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመሰችው ቢላዋውን አጥባ ያለ ቦታው ስላስቀመጠች ነው። «እሱን አስታውሰዋለሁ» አለችኝ። «የቀረውን ግን የዝናብ ጠብታ ማን ይቆጥራል?» አንድ ጊዜ በሚዛን ድንጋይ የትከሻዋን አጥንት ሰበረው። ሌላ ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሆዷን ረገጣት፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞቶ ወጣ፣ ከዚያ በኋላም ሌላ አልያዘላትም። ጎረቤት ጩኸቷን ሲሰማ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። «ባልና ሚስት አይደሉ፣ ይታረቃሉ» ይላል።

ልጁ ከሞተ በኋላ ወደ ታላቅ ወንድሟ ሸሸች። ወንድሟ አንድ ቀን አሳደራትና በማግስቱ ክንዷን ይዞ መለሳት። «እኅቴ፣ እንኳን ሰውና ሰው፣ ድስትና ክዳኑም ይጋጫሉ» አላት በመንገድ ላይ። ባልየው ሉካንዳው በር ላይ አቅፎ ተቀበላቸው። ለወንድሟ ጥሩውን ብልት መርጦ ጠቀለለለትና፣ «አማቼ፣ አንተ ባትኖር ቤቴ ፈርሶ ነበር» ብሎ ሸኘው።

ወንድሟ ማዕዘኑን እንደ ዞረ ወደ ጓዳ ወሰዳት። ሥጋ የሚሰቀልበት ሜንጦ ላይ ረጅሙን ሹሩባዋን ጠቅልሎ አሰረው። በእግር ጣቶቿ ጫፍ ካልቆመች በቀር ራስ ቅሏ የሚገነጠል ይመስላታል። «ድምፅሽ ከተሰማ እንደ በግ ነው የማርድሽ» አላትና ወጥቶ ገበያውን ማስተናገድ ቀጠለ። ረፋድ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ከየቱ ልቁረጥልሽ እናቴ? ከሻኛው ይሁንልሽ?» ሲል ትሰማዋለች። ባቷ ተንቀጠቀጠ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ። ከጎኗ በተሰቀለው የበሬ ጭን ላይ አጥንት መለያ ቢላዋ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞክራ በጣቶቿ ጫፍ አስጠጋችው፤ በሦስተኛው ያዘችው። የገዛ አንገቷን ልትቆርጥበት ነበር፤ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና ሹሩባዋን ቆረጠች። በጓሮ በር ወጣች። ሹሩባዋ እሜንጦው ላይ ቀረ።

ወደ ኮረብታዋ የመጣችው የእናቷ እናት የተወለደችባት መንደር ስለሆነች ነው። «ሰው የሌለበት ቦታ ሰው አይፈልገኝም ብዬ» አለችኝ። ከኮረብታው ግርጌ አንድ ሽማግሌ ለሳኝ ነበሩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ባልዲ አሸከሟት፣ ኋላም የልስን መሣሪያውን ካዞላ አስጨበጧት፣ ሙያውን አስተማሯት። ቀን ሜዳው ላይ የሰው ቤት ትለስናለች፤ ማታ ወደ ፍርስራሿ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች የጣሪያ እንጨት ሊዘርፉ መጡ። አንደኛው ሊይዛት ሲሞክር በመጥረቢያው ጀርባ ጉልበቱን አፈረሰችው፤ ጓደኛው አዝሎት ወረደ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረች፤ ከዚያ እኛ መጣን።

ከእኛ ጋር አሥራ አንድ ቤት ለሰነች። ያለሷ መንደሯ አትቆምም ነበር፤ እኛ ስለ ውበት ስንከራከር እሷ ግድግዳ ታቆማለች። «ኖራ እንደ ባል ነው፤» ትለናለች፣ «ሲያዩት ነጭ፣ ሲነኩት እሳት። ዓይናችሁ ከገባ ሮጣችሁ በብዙ ውሃ፤ ካልሮጣችሁ ዓይን የሚባል የለም።» «እትዬ» እንላታለን። ትንሽ በትንሽ መሳቅ ጀመረች።

አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ። «ሁሉንም ሳዪ። ፊቴን እንዳትስዪ።» እሺ አልኩ።

ሳልኳት። በራፌን ዘግቼ፣ ከትዝታዬ ሳልኳት፤ ካዞላዋን ይዛ፣ ጉንጯ ላይ ኖራ ተረጭቶ፣ ቀጥ ብላ ስታይ። ለማንም ላላሳይ ነው አልኩ። ከተማ ኤግዚቢሽን ስንጋበዝ ግን ከሌሎቹ ጋር ጠቅልዬ ወሰድኩት። ማን ያውቃታል አልኩ። ሠዓሊ ለራሷ የምትዋሸው ውሸት አያልቅም። አዘጋጁ ከሁሉም ሥዕል ያንን መርጦ «ለፖስተር ይሄ ነው» ሲል፣ አይሆንም ማለት እችል ነበር። ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ፊቷ በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ ተለጠፈ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ ደንደን ያለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ዳገቱን ጨርሶ ወደ እኔ መጣ። ፖስተሩን ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል።

«ጤና ይስጥልኝ። ሠዓሊዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እጅሽ ይባረክ። ቁርጥ እሷን ነው ያወጣሻት። ወዴት ናት?»

አፌ ዝም ቢልም ዓይኔ ግን ሳላዘው እሷ ወደምትለስነው አዳራሽ ዞረ። ሰውየው ዓይኔን ተከትሎ አየና ራሱን ነቅንቆ አመሰገነኝ።

ለሳኟ አዳራሹ ደጃፍ ላይ በርሜልና ሳንቃ መወጣጫ ላይ ቆማ የላይኛውን ግድግዳ ትለስን ነበር። ሙዚቀኞቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው ሥሯ ቆመና፣ «ውረጂ፣ ቤትሽ እንሂድ» አላት፤ ዕቃ የረሳች ሚስቱን የሚጠራ ይመስል ነበር።

ዞር ብላ አየችው። አልጮኸችም። ካዞላውን አጥብቃ ያዘች።

በርሜሉን በእርግጫ መታው። ከነሳንቃው ወደቀች፤ ክንዷ ሥሯ ሲሰበር እስከ ቆምኩበት ተሰማኝ። ሆዷን ረገጣት። ጎኗን ረገጣት። በአንድ እግሯ ይዞ በድንጋዩ ደረጃ ላይ ሲጎትታት ጭንቅላቷ እያንዳንዱን እርከን እየመታ ወረደ። «የገዛ ሚስቴ ናት! ማንም ጥልቅ እንዳይል!» ይላል። ማን ጥልቅ አለ? ሙዚቀኞቹ ተቃቅፈው ቆመዋል። እኔ ብሩሼን ይዤ ቆሜያለሁ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን አላዘዝኩትም።

ቀራጺው ነው ከግቢው መዶሻውን ይዞ የሮጠው። «ልቀቃት ወንድሜ» አለ መሀላቸው እየገባ። መዶሻውን አላነሳም፤ ሰው የመምታት ልምድ አልነበረውም። ሰውየው የተጠቀለለውን ፖስተር ፈታው። ውስጡ ቢላዋ ነበር። ቀራጺው በባዶ መዳፉ ሊያስቆመው ሲሞክር ስለቱ የሁለት ጣቶቹን ጅማት በጥሶት አለፈ። ደሙ አዲሱ ልስን ላይ ተረጨ፤ መዶሻውም ከእጁ ወደቀ።

ሰውየው ወደ ለሳኟ ተመልሶ ጀርባዋን በጉልበቱ ተጫነና እንደ ድሮው ፀጉሯን ሊጠቀልል እጁን ሰደደ። የሚጨበጥ ፀጉር አልነበረም፤ እጁ አጭሩ ፀጉሯ ላይ አዳለጠው። በዚያች ቅጽበት ደህናው እጇ የኖራውን ባልዲ አገኘ። በጭልፋ ቀድታ፣ ተገላብጣ፣ ፊቱ ላይ ደፋችበት።

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ቢላዋውን ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ይቧጥጥ ጀመር። ለሳኟ ተነሣች፤ ግራ ክንዷ ተንጠልጥሏል። ቢላዋውን አነሳችና ከበላዩ ቆመች።

«እትዬ፣ ተይ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ነው አፍሽ የተፈታው?»

ከዚያ በተረከዟ ቢላዋ የያዘበትን እጅ ረገጠችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አጥንቱ እስኪንኮሻኮሽ ረገጠችው። ቢላዋውን ወርውራ ጣለችና፣ «ውሃ አምጡ» አለች። ሁላችንም ደንዝዘን ስናያት፣ «ደንቆሮ ናችሁ? ውሃ! በጋን በጋን!»

ሸክላ ሠሪዋና እኔ ሮጥን። ለሳኟ በአንድ እጇ ራሱን ወደ ኋላ አስደግፋ፣ እየተራገመች፣ ዓይኑን አጠበችው። እኔ ስቀዳ፣ «አዝኜ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ችሎት ፊት ስቆም የሚያየኝ ዓይን ይኑረው።» አንደኛው ዓይኑ ተረፈ፤ ሌላው ጠፋ።

ፖሊስ መጥቶ ሰውየውን ይዞ ሲወርድ፣ ፖስተሩ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ለሳኟ አነሳችው። ሥዕሉን አየችው፤ አየችኝ። መጥታ በደምና በኖራ በተለወሰ እጇ በጥፊ ጠረገችኝ። ሁለተኛውን ጠበቅሁ። አልደገመችኝም፤ እሱ ይበልጥ አመመኝ።

ችሎት ላይ ወንድሟ ለባልየው መሰከረ፤ «እኅቴ ከልጅነቷ ግትር ናት» አለ። ቀራጺው እጁን አሳየ። ተራዬ ሲደርስ ዳኛዋ፣ «ሥዕሉን ያወጣሽው በፈቃዷ ነው?» አሉኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዓይኔ የጠቆመውንም ሳይቀር። ባለ ሉካንዳው ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እሷን ስለ ኖራው ጠይቀዋት ነበር። «ከእጄ የሚቀርበው እሱ ነበር፣ እመቤቴ። ትራስ ቢሆን ኖሮ በትራስ እመታው ነበር» አለች። ራስን መከላከል ነው ተብላ በነፃ ወጣች።

ክንዷ ጠሞ ገጠመ። ቀራጺው ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉለትም፤ በግራ እጁ መቅረጽ እየተማረ ከበፊቱ እጥፍ ይሳደባል። ለሳኟ ግን ስምንት ወር ሙሉ «ባልዲ አቀብይኝ» ከማለት በቀር አላነጋገረችኝም። ሥዕሉን ከከተማ አስመልሼ፣ «እዚሁ ፊትሽ ላቃጥለው» ስላት፣ «ፊቴ ምን አጠፋ?» አለችና ነጠቀችኝ። ብርሃን ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። «ደግሞ ዋሽተሻል። ይህ አገጬ ላይ ያለው ጠባሳ የት ሄደ? አሳምረሽ ደብቀሽዋል።» ወስዳ ቤቷ አስቀመጠችው፤ የት እንዳለ አላውቅም።

ባለ ሉካንዳው ከተፈታ ሁለት ዓመት አለፈው። የተፈታ ሰሞን ተሰብስበን፣ ለጊዜው ከተማ ሄደሽ ተደበቂ አልናት። «መደበቅ በቃኝ» አለች። መንገዱን በየተራ ልንጠብቅላት ተስማማን፤ በመጀመሪያው ተራ ከሁላችንም ቀድማ መጥረቢያዋን ይዛ የወጣችው ራሷ ናት። እስካሁን አልመጣም። ዛሬ መንደሯ ሠላሳ የሚጨስ ቤት አላት። ለሳኟም እንደሷ ከቤት የሸሹ ሁለት ሴቶችን ሙያውን ታስተምራለች፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ከኮረብታው ግርጌ ይሰማል።

እሱ በተፈታ ሰሞን፣ መንገዱን ስንጠብቅ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ «እትዬ፣ ይቅር ብለሽኝ ይሆን?» አልኳት።

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ለካ ለምን እንደሳልኩ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ ስነግራት ነው የኖርኩት እንጂ፣ ይቅርታ የሚለው ቃል አንድ ቀን ከአፌ አልወጣም። ተነሥቼ ፊቷ ቆምኩና ጠየቅኋት።

«እንግዲህ አሁን ጠየቅሽ» አለች መንገዱን እያየች። «ቆይ፣ ላስብበት።»

እያሰበችበት ነው።