ስምንት በስንት

ያላቃጠልኩትን አምፕሊፋየር አቃጠልክ ተብዬ ከባንድ ተባረርኩ። በደሉ ይኼ ነው። የፈረደብኝ ዘፋኛችን ነው፤ ያመኑት ደግሞ ዙሪክና ጄኔቭ ያሉት ሐበሾች በሙሉ ናቸው። በዚያን ጊዜ ጥቂት ስለነበርን በሙሉ ለማለት አይከብድም።

ለምን እንዳመኑት ልናገር። አዲስ አበባ በምሽት ክበብ ጊታር ስጫወት ማንበብ አልችልም ነበር። ለጊታር ፊደል አያስፈልግም። ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ሙዚቃው ሳይሞቅ ሰው ኮቱን ለብሶ ወደ ቤቱ ይሮጥ ጀመር። እኔም ሥራ ፈታሁ። ቀበሌ ደግሞ ሥራ ፈት አይወድም፤ መሠረተ ትምህርት አስገባኝ። ሽበት ጀማምሮኝ ሀ ሁ አልኩ። ደርግ ያደረገልኝ ነገር ይኼ ብቻ ነው፤ እሱንም በግድ ነው። ዙሪክ ስደርስ እንግዲህ አማርኛ አነባለሁ፣ ፈረንጅኛውን እንደ ሥዕል አያለሁ።

ዙሪክ ውስጥ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። በበዓልና በሰርግ ደግሞ አራት ሆነን እንጫወታለን፦ ዘፋኙ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ፣ ድራም መቺውና እኔ። ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም፤ ጊታር ስይዝ ግን ሰው ዞሮ ያየኛል። ስለዚህ ከባንድ መባረር ለኔ ቀልድ አይደለም። ለነሱ ነበር።

አምፕሊፋየር ነበረኝ፤ ድምፁ የሚወጣበት የስፒከር ሳጥን ግን አልነበረኝም። አንድ ቅዳሜ ከዘፋኙ ጋር በባቡር ሽሊረን ሄድን። እዚያ ያገለገለ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥና የሚጠግን ባለመጋዘን አለ። ሁለት ሳጥን አወጣልኝ፤ አንዱ ቁም ሣጥን የሚያክል፣ ሌላው ወገቤ የማይደርስ። ጊታሬን ሰክቼ ሁለቱንም ሞከርኩ።

"ትልቁን ውሰድ፤ ያስከብረናል" አለ ዘፋኙ።

"ያጉረመርማል።"

"ታዲያ ካንተ ጋር ይስማማል።"

የኛ ዜማ በቀጭኑ ክር ላይ ይሮጣል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ጠብ ማለት አለበት። ትልቁ ሳጥን ወፍራሙን ድምፅ ያበዛና ቀጭኑን ይውጠዋል። የትንሹ ስፒከር ወረቀቱ ስስ ነው፤ ስትነካው ይመልስልሃል፣ ስትተወው ዝም ይላል። ሰውም እንደዚያ ቢሆን ደግ ነበር። ትንሹን መረጥኩ።

ከዚያ ጀርባውን አየሁ። 8 ቁጥር አለ፤ አጠገቡ ደግሞ የኛዋ "በ" ቁጭ ብላለች፤ እግሮቿ ብቻ ወደ ውጭ ታጥፈዋል። ደስ አለኝ። በሰው አገር የማነበው ፊደል አገኘሁ።

"ስምንት በ" ብዬ አነበብኩ።

"በስንት?" አለ ዘፋኙ።

"አልጻፉትም። ስምንት በ ብለው ተዉት።"

ወርድና ቁመት መሰለኝ። በስንዝር ለካሁት፤ በየትም በኩል ስምንት አልመጣም። ባለመጋዘኑን ስንዝሬን እየዘረጋሁ "ስምንት በስንት ነው?" አልኩት፤ በአማርኛ ነው እንግዲህ። ዘፋኙ ትልቁ ሳጥን ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ባለመጋዘኑ አልሳቀም። አምፕሊፋየሬን አዙሮ ያንኑ 8 እና ያችኑ ምልክት አሳየኝ፤ ከዚያ ሁለቱን ሌባ ጣቶቹን ጎን ለጎን ገጠማቸው። ገባኝ፤ ስምንት ከስምንት ጋር ነው። ምልክቷ ኦም የምትባል የኤሌክትሪክ መለኪያ ናት። ስሟን ነው የሳትኩት እንጂ ነገሩን አልሳትኩም።

ይኼንን ለሰው ያወራሁት ራሴ ነኝ፤ ያስቃል ብዬ። ከዚያ ወዲያ ስሜ "ስምንት በስንት" ሆነ። ከቅዳሴ ስንወጣ እንኳ "እንዴት ሰነበትክ፣ ስምንት በስንት?" ይሉኛል።

ከፋሲካ በኋላ ጄኔቭ አጠገብ፣ ቨርሷ፣ ሰርግ ተጠራን። አምፕሊፋየሬን ከሳጥኑ ጋር አገጣጥሜ በመድረኩ ቀኝ በኩል አቆምኩና ልበላ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ በግራ በኩል ነጭ ስስ ጨርቅ የለበሰ ነገር ቆሟል፤ አበባ ተቀምጦበታል። ጠረጴዛ መሰለኝ። ሙሽሮቹ ሲገቡ መጫወት ጀመርን። ገና በሩን ሳያልፉ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ጊታሬ ዝም አለ፤ ከአምፕሊፋየሩ ጭስ ወጣ።

ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ይዞ "እንግዶቻችን፣ ይቅርታ" አለ። "ጊታር ተጫዋቻችን ዛሬ ስምንትን በስንት እንዳበዛው አላወቅንም።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽሮቹ በጭብጨባና በእልልታ ገቡ። እኔ ጊታሬን ይዤ እንደ አጃቢ ፖሊስ ቆምኩ።

ወደ ዙሪክ ስንመለስ ባቡሩ ሎዛን ሲደርስ ዘፋኙ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ። ትንሽ ዕረፍት ውሰድ።"

"እስከ መቼ?"

"ፊደሉን እስክትጨርስ።"

ድራም መቺው ሊስቅ ሲል አየሁት፤ በመስኮት ሐይቁን ማየት ጀመረ። ኦርጋን ተጫዋቹ ተኝቷል፤ ወይም የተኛ መስሏል።

አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ ሽሊረን ሄድኩ። ባለመጋዘኑ ከፈተው፣ አሸተተው፣ ሁለት ጣቱን አወጣ። "ጽቫይ" አለ። ሁለት ሳጥን ተሰክቶበት ነበር ማለቱ ነው። አንድ ነው ብዬ ማልኩለት፤ መሐላዬ አላሳሰበውም። ሁለት ሳጥን ስሎ፣ በየሳጥኑ 8 ጻፈና በአምፕሊፋየሩ ላይ 4 አደረገ። ሁለት ስምንቶች ጎን ለጎን ሲሰኩ ጭነቱ አራት ኦም ይሆናል፤ ለስምንት የተሠራ አምፕሊፋየር ያንን አይችልም፣ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ነጩ ጨርቅ ትዝ አለኝ።

ለዘፋኙ ደወልኩለት። "ያ በግራ በኩል የተሸፈነው ምን ነበር?" አልኩት።

"ሥራ ላይ ነኝ" ብሎ ዘጋው። ቀኑ እሑድ ነው፤ ሰዓቱ የምሳ።

ስለዚህ ሽማግሌ ያዝኩ። ጄኔቭ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ ነበሩ፤ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ የሚሄደው ወደሳቸው ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ምእመኑ ምሳ በሚበላበት አዳራሽ፣ እኔንና ዘፋኙን ፊት ለፊት አስቀመጡን። የሰርጉ ባለቤት፣ የሙሽራዋ እናት፣ ከጎናችን ሽሮ ይጨልፋሉ።

"እስቲ ከሥሩ" አሉ ጋሼ። "አምፕሊፋየሩ ስንት ነው?"

"አንድ ነው፣ ጋሼ። የኔ ሳጥንም አንድ ነው። ጠጋኙ ግን ሁለት ተሰክቶበት ነበር ይላል። ሁለት ስምንት ጎን ለጎን ሲሰኩ አራት ይሆናሉ።"

"ሁለት ስምንት አራት የሚሆነው በየትኛው አገር ሒሳብ ነው?"

"ይስሙት፣ ጋሼ" አለ ዘፋኙ። "ሒሳቡም እንደ ንባቡ ነው።"

ጋሼ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ እየሳቁ እንደሆነ ትከሻቸው ይናገራል። ይኼኔ የሙሽራዋ እናት ጭልፋውን አስቀመጡ።

"የትኛው ሳጥን ነው? ያ ከቬሎ የተረፈውን ጨርቅ ያለበስኩት?"

ዘፋኙ ሰሃኑን ማየት ጀመረ።

"ያንንማ እኔ ነኝ ያስመጣሁት" አሉ። "ልጄ ግራና ቀኝ ሚዜ ይዛ ስትገባ፣ መድረኩ በአንድ ወገን ሳጥን፣ በሌላው ባዶ ሆኖ ፎቶው ሊያምር ነው? 'አንድ ጨምርልኝ' አልኩት ይኼን ልጅ። እግዜር ይስጠውና የራሱን ትርፍ ሳጥን ጎትቶ አመጣልኝ።"

"ማቆምና መሰካት ይለያያል፣ እትዬ" አልኩ።

ጋሼ ወደ ዘፋኙ ዞሩ። "ሰካኸው?"

"ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሌላ ቀዳዳ ነበር" አለ። "ባዶውን ከሚቆም ብዬ ነው። ጢስ ሲወጣ ግን ያ መሆኑን አላወቅሁም።"

"በኋላስ? ደውሎልህ ሲጠይቅህ?"

ዘፋኙ ሽሮውን በእንጀራ ያማስል ጀመር።

"ስለዚህ ለአንድ ባል ሁለት ሚስት አጋባህ" አሉ ጋሼ። "ያውም በክርስቲያን ሰርግ ላይ።"

አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። "በሰው ፊት ነው ያዋረደኝ፤ በሰው ፊት ያንሳልኝ" አልኩ።

ዘፋኙ ተነሣ። የሰካሁት እኔ ነኝ፣ እሱ የለበትም፣ አለ ለሽሮው።

"ጮክ በል እንጂ። ዘፋኝ አይደለህም?" አሉት ጋሼ።

ጮክ አለ። ከኋላ ያሉት ሕፃናት ሳይቀሩ ዞሩ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብሎ "ለእንቁጣጣሽ ትመጣለህ?" አለኝ።

"እመጣለሁ። ሳጥኔን አንተ ትሸከማለህ።"

"ይከብዳል እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ጋሼ አስጨበጡን። ወደ ባንዱ የተመለስኩት በዚያው ቀን ነው፤ እሑድ፣ ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም.።