ጋሼ በልሳን የተናገረ ዕለት

ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በልሳን ለመናገር ጸልዮ ያልተሰጠው ሰው ነበር። ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ሲሠራ ሰንብቶ ቅዳሜ ዲላ ይመጣና ከእኔ ጋር ጸሎት ቤት ይሄዳል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። "ጌታ በአማርኛም በጌዴኡፋም ሰምቶሃል፤ ሌላ ምን ቀረህ?" እያልኩ አሾፍበት ነበር። ይስቃል፣ ግን ይከፋዋል።

አንድ ቅዳሜ ራሱን ይዞ መጣ። ትኩሳቱ እጅ ያቃጥላል። ወባ ነው ብለን አስተኛነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ መናገር ጀመረ። ቃል ይመስላል፣ ቃል ግን አይደለም፤ ዝም ብሎ ይፈስሳል። ሃሌ ሉያ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አፌን ቁርጥ ያርገው!

የጸሎት ቡድናችንን ጠራሁ። አልጋውን ከበን ዘመርን፣ አለቀስን፣ አመሰገንን። አንዲት እናት ግንባሩን ዳስሰው "ልጄ፣ ሐኪም ቤት ይሻላል" አሉ። "እምነት የለዎትም እንዴ?" ብዬ አሳፈርኳቸው። ወይ እኔ! በማግስቱ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥና አረፋ ሲደፍቅ ነው በባጃጅ ሐኪም ቤት ይዤው የሮጥኩት።

ከጀርባው ፈሳሽ ወሰዱለት። ሐኪሟ ወጣት ነች። "ከንፈር ላይ ምች የምንለውን የሚያወጣው ቫይረስ ነው፤ አልፎ አልፎ አንጎል ይገባል" አለችኝ። በምች? ለምች እኛ ዳማከሴ አሽተን ነው የምንተወው። "ንግግሩ የተበላሸው መቼ ነው?" ስትለኝ "ትናንት ጠዋት" አልኳት። መድኃኒቱን በደም ሥሩ እየሰጡት ሦስት ሳምንት ተኛ። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ብላ ጀምራ ተወችው፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ጋሼ ተረፈ። ንግግሩም ተመለሰ። አዲስ ነገር ግን አይዝም፤ አሁን የነገሩትን አሁኑኑ ይረሳዋል። ሥራውን ትቶ እኔ ጋ ነው የሚኖረው።

"ምን ሆኜ ነበር?" ይለኛል በየቀኑ። ብዋሸው ማን ያውቅብኛል? ግን አልችልም። ልሳን መስሎኝ አንድ ቀን ሙሉ እቤት እንዳቆየሁት እነግረዋለሁ። ከዚያ እጄን ይዞ፣ "አይ አንቺ! ምን ታውቂያለሽ? ይቅር ብዬሻለሁ፤ በቃ አታልቅሺ" ይለኛል። ከልቡ ነው። ውሃ ልቀዳለት ጓዳ ገብቼ ስመለስ ዓይኔን አይቶ ይደነግጣል።

"ምነው፣ ማን አስለቀሰሽ?" ይለኛል።