ቁርጡ ያልታወቀ ሰው

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከጠፋባት አምስት ዓመት አለፋት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አንድ ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ «ለምሳ እደርሳለሁ» ብሏት እንደወጣ በዚያው ቀረ። ሆስፒታሉንም፣ እስር ቤቱንም፣ የሬሳ ክፍሉንም አዳርሳለች። «እሺ ሰውስ ይጥፋ፤ ያን የሚያህል መሰላል እንዴት መሬት ይውጠዋል?» ስትል ደንበኞቿ መሳቅም ማዘንም ይቸግራቸዋል።

አንድ እሑድ የባሏ ታላቅ ወንድም መጣ። ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠና፣

«እህቴ፣ በቃ አልቅሰንለት እርማችንን እናውጣ። አንቺም ይውጣልሽ» አላት።

እሷ መኪናዋን አቆመች።

«ጋሼ፣ እኔም ደክሞኛል። ግን ሞቷል ያለኝ ሰው የለም። ዝም ብዬ ባለቅስለት የገደልኩት እኔ መሆኔ አይደል? ደግሞስ ቢመጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ሰውየው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷም ትከሻውን ይዛ፣

«እርስዎ ያልቅሱ፤ ወንድምዎ ነው፤ አልከለክልዎትም» አለችው። የራሷን እንባ ግን ዋጥ አደረገችው።

በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መዝገቡን የያዘው ፖሊስ ገና ከበሩ ሲያያት ተነስቶ ወንበር ሳበላት።

«እናቴ፣ አልተገኘም» አላት።

አልተገኘም ማለት ሬሳውም አልተገኘም ማለት ነው። ለዚያች ቅጽበት ልቧ ተንፈስ አለ። ወዲያው ደግሞ እሱም አልተገኘም ማለት መሆኑ ከበዳትና፣ ከወንበሩ ለመነሳት የፖሊሱን እጅ መያዝ አስፈለጋት።