የእናቴ መርገጫ

በመኝታ ቤቴ በር ጀርባ አንዲት የዋንዛ ጣውላ ተደግፋ ትኖራለች። እግር የምታህል፣ በአንድ ጫፏ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ያላት ናት። የልጅ ልጆቼ ማገዶ መስላቸው ሊወስዷት ሲሉ ስንቴ ጮኼባቸዋለሁ። እሷን በዳሰስኩ ቁጥር የእንሰት ጓሯችን ጭጋግና ያ ኮምጠጥ ያለ የቆጮ ሽታ ይመጣብኛል፤ ከተማችን ሆሳዕናም እንደገና የሣር ቤቶች መንደር ትሆንልኛለች።

አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን ሸዋ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ የሀዲያ ልጅ። አባባ ከሥራ ሲመለስ እጁ አያርፍም። በራሱ የሚዘጋ የዶሮ ቤት በር ሠርቶ ዶሮዎቹን ውጭ አሳደረብን። ጎረቤቱ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እያለ ይስቅበት ነበር። እሱ ግን ሕልም ነበረው፤ አንድ ቀን አንዱን ሥራውን አዲስ አበባ ወስዶ፣ የፈጠረው እሱ መሆኑ በመንግሥት ማኅተም እንዲጸናለት።

አንድ ክረምት እናቴ አዳልጧት ወድቃ ቀኝ ትከሻዋን ተጎዳች። ወጌሻ ቢያሻትም ክንዷ አልታዘዝ አለ። እንሰት ደግሞ በቀርከሃ፣ በሙሉ ክንድ ነው የሚፋቀው። ሴቶቹ በየተራ አንዳቸው ጓሮ እየተሰበሰቡ ይፍቃሉ፣ ያወራሉ፣ ይዘፍናሉ። ቆጮው አልቸገራትም፤ ጎረቤቶቿ ይፍቁላት ነበር። የቸገራት ከመካከላቸው መጉደሏ ነው። ዘፈናቸው ከሩቅ ሲሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እኔም ምኑም ሳይገባኝ አብሬያት አለቅሳለሁ።

አባባ ይህን አየና ገበያ ወርዶ ልብስ ሰፊው መኪናውን ሲረግጥ ሲመለከት ዋለ። ከዚያ በእግር የሚሠራ የእንሰት መፋቂያ መሥራት ጀመረ። ያቺን የዋንዛ መርገጫ በእግር ሲጫኗት ገመዱ ስለቱን እንሰቱ በተደገፈበት ሳንቃ ላይ ቁልቁል ይስበዋል፤ እግር ሲነሳ የተለመጠ ቀርከሃ መልሶ ያወጣዋል። ችግሩ፣ በአገሩ ልማድ ወንድ እንሰት ወደሚፋቅበት ቦታ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። አባባ የሚያቃልለው በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ሥራ ነበር።

የሙከራው ቀን ሴቶቹ መሣሪያውን ተሸክመው ወደ ጓሮ አስገቡት። እናቴ ረገጠች፤ ስለቱ ሽው ብሎ ወረደ። አጨበጨቡላት። ጥቂት ቆይቶ ግን ነጭ የነበረው እንሰት እየጠቆረ ሄደ። አባባ ስለቱን የሞረደው ከበርሜል ብረት ነበር፤ ብረት የነካው እንሰት እንደሚጠቁር ደግሞ የማታውቅ ሴት የለችም።

«አንቺ፣ ብረት መሆኑን አላየሽም?» አሏት የሁሉም ታላቅ የነበሩት እትዬ አየለች።

«አየሁት እንጂ» አለች እናቴ እንባዋ ቀርቦ፤ «ፊቱን ሳይ አፌ እምቢ አለኝ። በቃ ተዉት፣ ከእንግዲህ አልመጣም።»

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ እነግረዋለሁ፤ የእኔ ባል አይደለም፣ ምን አሳፈረኝ!»

እትዬ አየለች እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ አጥሩ ጋ ሄደው፣ ውጭ ቆሞ ወደሚጠብቀው አባባ «ብረቱን አውጣው! ቀርከሃ አድርግበት!» ብለው ጮኹ። አባባ ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ራሱን መታ መታ አድርጎ ሳቀና ቀርከሃ ሊቆርጥ ሄደ።

ተራው ዳግመኛ ሲደርሰን ከአጥሩ ውጭ ጉቶ ላይ እኔን አቅፎ ተቀመጠ። በእንሰቱ ቅጠል ያለፈው ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ከነጭጋጉ ላያችን ላይ ይወርድ ነበር። ሽው፣ ጧ። ሽው፣ ጧ። ከዚያ ዘፈኑ ተነሳ። አባባ ሀዲይኛ እምብዛም አይሰማም፤ ቃሉን ትቶ ድምፅ ሲለይ ቆየ።

«እሷ ናት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እሷ ናት» አልኩት። ዘፈኑ እስኪያበቃ ሁለታችንም አልተነቃነቅንም። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አዲስ አበባ ሊሄድ ስንቅ ሲያስቋጥር ጦርነት መጣ። አባባ ዘምቶ በዚያው ቀረ፤ ማኅተሙም ቀረ።

ዛሬ የእንሰት መፋቂያ ማሽን የሠሪው ስም ተለጥፎበት ገበያ ላይ ይሸጣል። እሰየው፣ የሴቶች ክንድ ይረፍ። እኔ ግን ያን ስም ባየሁ ቁጥር ስለ አባባ እቀና ነበር። አሁን አሁን ትቼዋለሁ። አንዳንዴ ጫማዬን አውልቄ መርገጫዋን መሬት ላይ አስቀምጥና እቆምባታለሁ። ስም አልተጻፈባትም። የእናቴ ተረከዝ ዕድሜዋን ሙሉ ሲጫናት የጎደጎደ ቦታ አለ፤ የእኔም ተረከዝ ልክክ ብሎ ይገባበታል።