አባቴ ያላስቆጠሩት መንገድ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና መንገድ ሲጠግኑ ኖረው ማንኩሳ ላይ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። እኔ ቡሬ አስተምር ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ስኳር ሲገኝባቸው የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም መድኃኒት ሰጣቸውና፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሺህ እርምጃ እንዲራመዱ አዘዛቸው። ስንወጣ አባቴ ሳቁ።

«ይኸ ልጅ መራመድ ሊያስተምረኝ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ግን አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር፣ እርምጃ የሚቆጥር ነገር ከባሕር ዳር ገዛሁላቸው። የሳምንቱን ቁጥር በየቀኑ ለይቶ ያስቀምጣል። አይቀበሉትም ብዬ ሠግቼ ነበር፤ እሳቸው ግን የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ገበያ ወጡበት። ጎረቤቶቻቸው፣ «የቀበሌው አንድ ለአምስት አልበቃ ብሎ እጅዎ ላይም ክትትል አሰሩብዎ?» እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ «የኔ ተከታታይ ያለችው ቡሬ ነው» ይሉ ነበር። እኔን ማለታቸው ነው።

ቅዳሜ ስደርስ ከሰላምታ ቀጥሎ እጃቸውን ይዤ እንደ ተማሪ ደብተር አርማለሁ። ሰኞ ደህና። ማክሰኞም ደህና። ረቡዕ አራት መቶ። እሑድማ ከናካቴው ባዶ ነው፤ የበዓል ቀንም እንደዚያው።

«አባየ፣ እሑድ ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«እንዲያው ነበርሁ» ይሉና መሬት መሬት ያያሉ።

«ተኝተው ዋሉ ማለት ነዋ!»

ተነሥተው ምድጃውን ያራግባሉ። ያን ጊዜ ይብስብኛል። ቁጣዬ ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ እሷ ግን የት ላይ ማቆም እንዳለባት ታውቅ ነበር።

አንድ ቀን ሐኪሙ ስኳር ችላ ከተባለ እግር እስከ ማሳጣት እንደሚደርስ ነገረኝ። በጣም ፈራሁ። ብቻቸውን ሆነው፣ ቀስቃሽ አጥተው ሲተኙ እየዋሉ እግራቸውን ሊያጡብኝ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁጭ አድርጌ፣ «ከሳምንት በኋላ እሑድ መጥቼ ቡሬ እወስድዎታለሁ፤ ቤቱን እናከራየዋለን» አልኳቸው። ያችን ቤት ጭቃዋን ራሳቸው አቡክተው የሠሯት ናቸው። እናቴም የተገነዘችው እዚያው ነው። አባቴ ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «እሺ ልጄ፣ አንች ካልሽ» አሉ።

እሑድ ረፋድ ላይ ስደርስ ልብሳቸው በጋቢ ተቋጥሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። እሳቸው የሉም። ያ ቆጣሪ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የጎረቤታቸው ሴትዮ ድምፄን ሰምተው ብቅ አሉ።

«ወንዙ ማዶ ሰው አርፎ ቀብር ሄደዋል፤ ይመጣሉ፣ ቁጭ በይ ልጄ።»

«በእግራቸው?»

«ታዲያ በምን?»

«ይኸን ለምን አወለቁት?»

ሴትዮዋ ገረማቸው። «ለለቅሶና ለቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መች አድርገውት ያውቃሉ! በሽተኛ ሊጠይቁ ሲሄዱም ያወልቁታል። ለጽድቅ የሄዱበት ይቆጠራል እንዴ?»

ቁጭ ማለት አልቻልኩም። የከተማ ጫማዬን እንዳደረግኩ በጤፉ ማሳ ዳር ዳር ቁልቁል ወረድኩ። ወንዙን ተሻግሬ፣ አቀበቱ ትንፋሼን አሳጥሮት ቆም ስል፣ አባቴ በትራቸውን ይዘው ከወዲያ ሲመጡ አየኋቸው። ሳያነክሱ፣ ሳያርፉ ነው የሚራመዱት።

«ዘገየሁብሽ አይደል? ቀብሩ ነው ያቆየኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

«አባየ፣ ያን ሁሉ ስቆጣዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብየ ልንገርሽ? እንዲህ ያለ ለቅሶ ደረስሁ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ጠየቅሁ እያልሁ ልመጻደቅብሽ? ያ የእግዜር ነው። እሱን ቆጥሬ ለሐኪም ካስረከብሁ ለነፍሴ ምን ይተርፈኛል?»

ለሐኪሙም ለእኔም ቢናገሩት ኖሮ ቤታቸውን የሚነካባቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ቤታቸውን ማጣት መረጡ። እኔ ደግሞ ሰነፍ ሽማግሌ እያልኩ ስገሥጻቸው ነበር የከረምኩት። አፍሬ ተከተልኳቸው፤ እሳቸው ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ አለከልካለሁ።

ቤት ስንደርስ አባቴ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን አነሡ።

«በይ እንውጣ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠን።»

«ቡሬ አይሄዱም፣ አባየ። ቤትዎ ይሁኑ።»

ቋጠሮውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ቀስ ብለው፣ «የእውነትሽን ነው? ፈቀድሽልኝ?» አሉኝ።

አባቴ በገዛ ቤታቸው ለመኖር እኔን አስፈቀዱ። ቋጠሮውን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።