ኑራ የሚያውቀውን አይጠይቅም

ኑራን እንግሊዝኛ ከማስተማር የተሳቢ ጎማ በጥርስ መፍታት ይቀላል። ይሄን የምለው እኔ አቡሽ ነኝ፤ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ሎጊያ ጎሚስታ ቤት የገባሁት። አስተማሪው እኔ አይደለሁም፣ ቲቸር ኤፍራታ ናት። እኔ የሄድኩት ላጅበው ነበር። ግን የሷ ድምፅ ሲዘጋ ማን ይተካት? አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሥር ነው ያደግኩት፤ የጣቢያውን ኃላፊ ሳል ሳይቀር አስመስል ነበር። ፈረንጅ ምን ያቅተኛል?

ኑራ አፋር ነው፣ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ሎጊያ ላይ የጅቡቲ መኪኖች የሚያድሩበትን ግቢ አራት ዓመት ጠብቋል። ሚስቱና ልጁ ያሉት ግን ገላፊ፣ ድንበሩ ጋ ነው። በሁለት ወር አንዴ የሚያውቀው ሾፌር ሲያገኝ ተሳፍሮ ይሄዳል። ባለፈው ሲሄድ ልጁ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀችበት።

«ማነው አለች» አለኝ ተመልሶ መጥቶ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ኑራ አይጨምርም፤ ጣጣውም እሱ ነው።

ከዚያ ሰመራ ያለ አንድ የትራንዚት ድርጅት ገላፊ ላይ የሚሠራ ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። አፋርኛ፣ አማርኛ፣ ትንሽ አረብኛ፤ ሁሉም አለው። እንግሊዝኛም ከእርዳታ ሰዎች የለቀመው ነበረው፣ ግን ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው ተባለ። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ በባጃጅ ሰመራ፣ ቲቸር ኤፍራታ ጋ።

ሁለት ሳምንት ሰላም ነበር። በሦስተኛው ጅራት ያለው ጥያቄ መጣ።

«ሂ ኢዝ ኤ ድራይቨር፣ ኢዝንት ሂ?» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ፊቱ አዎ ካለ ጅራቱ አይደለም ይላል። ፊቱ አይደለም ካለ ጅራቱ አዎ ይሆናል። እኛ በአማርኛ ለሁሉም ‹አይደል› ብለን እንገላገላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ግሱን እያየ ይቀያየራል። ገባህ ኑራ?»

«ገባኝ። ሰውየው ሾፌር ነው?»

«አዎ፣ ሾፌር ነው።»

«ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ እንጂ!»

«ካወቅሽ ለምን ትጠይቂያለሽ?»

ቲቸር ጠመኔውን አስቀመጠች። «ሰውየው እንዲስማማልህ ነዋ! ድምፅህን ካወረድከው እርግጠኛ ነህ ማለት ነው። ካነሳኸው የምርህን እየጠየቅክ ነው። አቡሽ፣ እስቲ አሳየው።»

አሳየሁት። አንዴ ወደ ታች፣ መንጃ ፈቃድህን እንደረሳህ የነቃብህ ትራፊክ ሆኜ። አንዴ ወደ ላይ፣ ባሏን የጠረጠረች ሴት ሆኜ። ቲቸር በሳቅ ሞተች። 

«እኛ ጋ ሰው ከሰው ሲገናኝ ዳጉ አለ» አለ ኑራ። «ቁጭ ብለህ ወሬ ትለዋወጣለህ። ምን አየህ? የት ዘነበ? ያየውን አየሁ ይላል፣ የሰማውን ሰማሁ ይላል። ‹ዘንቧል አይደል› ብለህ መልሱን አፉ ውስጥ አትከትለትም። ሰው በዚያ ወሬ ግመሉን ይነዳል። ውሸት ከሆነ ግመሉ ያልቃል።»

«ኧረ በናትህ ኑራ! እዚህ ምን ግመል አለ? ፈተና ነው!» አልኩት።

«ግመል ባይኖርም አፍ አለ።»

ቲቸር ኤፍራታ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ያን ቀን አንድም ጅራት ሳያወጣ ወደ ሎጊያ ተመለስን።

እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። ማስታወቂያው አምስት ዓመት ልምድ ይላል፣ እሱ ያለው አራት ነው። ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ። አስር ብዬ ጻፍኩ። ከዋሹ አይቀር ብዬ ነው። ለሱ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ያስጠፋኛል።

የቃለ መጠይቁ ቀን ረፋዱ ላይ ሰመራ ድርጅቱ ቢሮ መብራት ጠፋ። ኤሲው ሲቆም መስኮቱን ከፈቱት፣ እኔም ከሥሩ ጥላው ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን አቆምኩ። ጠያቂው አቶ ሙሐመድአሚን የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰውዬ ናቸው። ኑራን ስሙን ጠየቁት፣ መለሰ። ስለ ጭነት ጠየቁት፣ ግሩም አድርጎ መለሰ። በደስታ ልዘል ነበር።

«ዩ ሃቭ ዎርክድ ዊዝ ትራክስ ፎር ቴን ይርስ፣ ሃቨንት ዩ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ወደ ታች አውርደው።

አስር ዓመት ሠርተሃል አይደል ማለታቸው ነው። «የስ» በል! የስ ብቻ! ግድግዳውን በክርኔ ደቃሁት።

«ኖ፣ አይ ሃቨንት» አለ ኑራ። «ፎር ይርስ።»

ቲቸር ስትለምነው የከረመችው መልስ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት፣ ዛሬ ወጣ!

«ፎርሙ ላይ አስር ይላል» አሉ ሰውየው፣ በአማርኛ።

«አቡሽ ጻፈው። ከመስኮቱ ሥር ነው።»

የአቶ ሙሐመድአሚን ጭንቅላት ከላዬ ብቅ አለ። «አንተ ነህ?»

ምን ልበል? «ነኝ ጋሼ» አልኩ።

አምስት ያልሞላ አይቀጠርም ብለው ፋይሉን ዘጉት። ባጃጅ ውስጥ እስከ ሎጊያ ለፈለፍኩበት፤ ራሱን ኑራን አስመስዬ «ፎር ይርስ! ፎር ይርስ!» እያልኩ።  እሱ በማግስቱ ልጁን ለማየት መኪና ተሳፍሮ ሄደ።

መከራዬ የጀመረው ያኔ ነው። ኑራ በየቆመበት ሰው ያገኛል፤ ሰው ካገኘ ዳጉ አለ። መንገድ ላይ ሰርዶ ከተማ ተናገረ፣ ከዚያም ወዲያ ተናገረ። «ፎርሙ አስር ይላል፣ እኔ አራት አልኩ፣ ሥራው ቀረ፣ የጻፈው ሎጊያ ያለው ጎሚስታ አቡሽ ነው» አለ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በሳምንቱ ከጅቡቲ የሚመለስ ሾፌር ሁሉ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ «አስር ዓመት! ጎማዬን ንፋልኝ!» ይለኝ ጀመር። ሰውን ሁሉ ሳስመስል የኖርኩ እኔ ስም ወጣልኝ።

በአሥረኛው ቀን ኑራ ደወለ።

«ገላፊ ሥራ አገኘሁ» አለ። «የኮንቴይነር ግቢ ነው። ባለቤቱ ወሬውን ሰርዶ ሰምቶ ‹አራቱን አራት ያልከው አንተ ነህ?› አለኝ። ነኝ አልኩት።»

«በእንግሊዝኛ ጠየቀህ?»

«በአፋርኛ።»

ሦስት ሳምንት! የቲቸር ጉሮሮ! የኔ ትራፊክ! ላብድ ነበር። ከጀርባው አንዲት ሕፃን ስልኩን ካልሰጠኸኝ እያለች ትጮሃለች።

«ማናት?» አልኩት።

«ልጄ። ትከሻዬ ላይ ናት፣ አልወርድም ብላ።»

 ከዚያ ድምፄን ወደ ታች አውርጄ «በፎርሙ ነገር ተናደህብኛል፣ አይደል?» አልኩት።

«ካወቅክ ለምን ትጠይቃለህ?» ብሎ ስልኩን ለልጅቷ ሰጣት።